ቀበና ወይስ ቀቤና? ከስሙ ቀጥሎ ስላለው ቃል



ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ባዘጋጀነው የትውውቅ ፕሮግራም ላይ አንድ ወንድማችን ስሙንና ዲፓርትመንቱን ተናግሮ ሲያበቃ «ከቀቤና ነው የመጣሁት» አለ። የአዲስ አበባ ልጆች ሳቁ። ከኋላ የተቀመጠ አንዱማ «ቀበና እኮ ከዚህ በእግር ይኬዳል፤ ዶርም ለምን ተሰጠህ?» ብሎ አስቀየመው። ልጁ ግን የመጣው ከወልቂጤ አካባቢ፣ ከቀቤና ልዩ ወረዳ ነው። እኛ ያሰብነው ከአምስት ኪሎና ከስድስት ኪሎ ቁልቁል ስንወርድ የምናገኘውን፣ ድልድዩንና ወንዙን የምናውቀውን ቀበና ነበር።

ይቅርታ ተጠያይቀን ሻይ ልንጠጣ ስንቀመጥ ነገሩ ከአንድ ፊደል ልዩነት በላይ ሆኖ አገኘነው። ከመሐላችን የአዲስ አበባው ቀበና ልጅ የሆነው መታወቂያውን አውጥቶ ቢያገላብጥ «ቀበና» የሚል ቃል የትም የለበትም። የካ ክፍለ ከተማ፣ የወረዳ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፤ በቃ። ሰፈሩን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ወንዙ ከእንጦጦ ይወርዳል፤ የታክሲ ረዳቶች ስሙን ቀኑን ሙሉ ሲጠሩት ይውላሉ። በሕግ ፊት ግን ቀበና የሚባል አስተዳደር የለም። ምክር ቤት የለውም፣ በጀት የለውም፣ ማኅተም የለውም። ብዙዎቻችን ስሙን እንኳ ሰምተን የማናውቀው ቀቤና ግን ሦስቱም አለው።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሳሳን ያ ሻይ ነው። እኛ የምንማረው ኢንጂነሪንግ ስለሆነ የሕግ ተማሪ የሆናችሁ ስህተት ካገኛችሁብን አርሙን። ነገር ግን ለእናንተ ብቻ የሚተው ጉዳይ ሆኖ አላገኘነውም። በሥነ ዜጋ ትምህርት ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ እያልን እንደ መሰላል ሸምድደናል። መሰላሉ ግን ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዳንድ ቦታ መሐሉ ላይ ያለው መርገጫ ጨርሶ የለም።

ከሕገ መንግሥቱ እንጀምር። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 47 ላይ ዘጠኝ ክልሎችን በስማቸው ይዘረዝራል። ዛሬ አሥራ ሁለት የሆኑት ሲዳማ በኅዳር 2012 ዓ.ም ሕዝበ ውሳኔ አድርጎ ከወጣ በኋላ የቀድሞው ደቡብ ክልል ደረጃ በደረጃ ስለተከፋፈለ ነው። ከክልል በታች ያለውን ግን ሕገ መንግሥቱ እርከን በእርከን አልዘረዘረም። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ክልሎች አስፈላጊ ሆነው ባገኟቸው እርከኖች እንዲዋቀሩ ይፈቅዳል፤ ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችልም ለዝቅተኛዎቹ እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። ዞን ምንድን ነው? ልዩ ወረዳ ምንድን ነው? የሚለውን የሚመልሰው የየክልሉ ሕግ ነው። ስለዚህ አንዱ ክልል ውስጥ «ዞን» የተባለው ሌላው ክልል ውስጥ ከተባለው ጋር በስም እንጂ በሥልጣን ላይመሳሰል ይችላል።

ቃላቱ ራሳቸው ግን አዲስ አይደሉም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሩን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ከፍሎት ነበር። ደርግ ጠቅላይ ግዛትን ክፍለ ሀገር አለው፤ በ1967 ዓ.ም የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የወረሰው አዋጅ ደግሞ ቀበሌን ይዞ መጣ። ደርግ በመጨረሻ ዘመኑ አገሩን እንደገና ሲከፋፍል 24 የአስተዳደር አካባቢዎችና 5 ራስ ገዞች አደረገ፤ ራስ ገዞቹ ኤርትራ፣ ትግራይ፣ አሰብ፣ ድሬዳዋና ኦጋዴን ነበሩ። አባቶቻችን እስከ ዛሬ በአውራጃ ስም ሲጠራሩ መስማታችን ለዚህ ነው። ሕጉ ሲቀየር አፍ ቶሎ አይከተልም።

አሁን ወደ ደሴ በሚሄድ አውቶቡስ እንሳፈር፤ የወሎ ልጆች መንገዱን ታውቁታላችሁ። ደብረ ብርሃንን ስናልፍ ያለነው ሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ ነው። ወደ ከሚሴ ስንደርስ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን እንገባለን። ኮምቦልቻ ላይ ደቡብ ወሎ ነን። ሦስቱም ዞን ይባላሉ፤ ሦስቱም አማራ ክልል ውስጥ ናቸው። ሰሜን ሸዋና ደቡብ ወሎ ግን በሕግ የክልሉ መንግሥት ቅርንጫፎች ናቸው። አስተዳዳሪያቸውን ክልሉ ይሾማል፤ የዞኑ ሕዝብ የመረጠው የዞን ምክር ቤት የላቸውም። ከሚሴ ላይ ያለው የብሔረሰብ አስተዳደር ነው። የራሱ ምክር ቤት አለው፤ የሥራ ቋንቋውን ይወስናል። ልጆች በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ፤ የመሥሪያ ቤቱና የሱቁ ጽሑፍ ሲቀየር ከአውቶቡሱ መስኮት ሆናችሁ ታዩታላችሁ። በዚያው ክልል አዊ (እንጅባራ) እና ዋግ ኽምራ (ሰቆጣ) እንዲሁ የብሔረሰብ አስተዳደሮች ናቸው። ልዩነቱ ያለው «ብሔረሰብ» በምትለዋ አንዲት ቃል ላይ ነው።

አርጎባን ብንወስድ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። አማራ ክልል ውስጥ የአርጎባ ልዩ ወረዳ አለ። አፋር ክልል ውስጥም የአርጎባ ልዩ ወረዳ አለ። አንድ ሕዝብ ነው፤ ዝምድናው፣ ጋብቻው፣ ቂርአቱ አንድ ነው። የክልሎቹ ወሰን ግን መሐሉ ላይ ያልፋል። አፋር በመንግሥት አሠራር «ታዳጊ ክልል» ከሚባሉት አንዱ ነው፤ አማራ አይደለም። የታዳጊ ክልል ተማሪዎች ለዓመታት በዝቅተኛ የመቁረጫ ነጥብ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ቆይተዋል። ስለዚህ ሁለት የአጎትና የአክስት ልጆች አንድ ውጤት አምጥተው፣ አንዱ ገብቶ ሌላው ሊቀር የሚችልበት ሁኔታ ነበር ማለት ነው። ይህን ስንል የታዳጊ ክልል ተማሪ አይገባውም ለማለት አይደለም፤ ማለፊያውን የሚወስነው የቤተሰቡ ኑሮ ሳይሆን ቤታቸው ያረፈበት መስመር መሆኑን ለማሳየት ነው። ሌላም አለ። በሸኽ ጀውሀርና በዑለማዎቿ የምትታወቀው ሾንኬ የአርጎባ መንደር ናት፤ አርጎብኛ እስከ ዛሬ ከሚነገርባቸው ጥቂት ቦታዎችም አንዷ ናት። የምትገኘው ግን በልዩ ወረዳው ውስጥ አይደለም፤ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ነው። ሕጉ ለአርጎባ ልዩ ወረዳ ሰጠ ማለት ለአርጎባ ሁሉ ሰጠ ማለት አይደለም።

በቀድሞው ደቡብ ክልል ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። እዚያ ዞን ማለት ምክር ቤት ያለው፣ በብሔረሰብ ላይ የተመሠረተ አስተዳደር ነው። ስለዚህ የራስን ዞን ማግኘት ትልቅ ጥያቄ ነበር። ስልጤ በጉራጌ ዞን ውስጥ ነበረ። «እኛ ስልጤ እንጂ ጉራጌ አይደለንም» የሚለው ጥያቄ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ፤ በ1993 ዓ.ም በሕዝበ ውሳኔ ተቋጭቶ ወራቤን ዋና ከተማው ያደረገ ዞን ሆነ። ሀላባ ለረጅም ጊዜ ልዩ ወረዳ ሆኖ ቆይቶ በኋላ ወደ ዞንነት አደገ። ቀቤና በጉራጌ ዞን ሥር ካሉት ወረዳዎች አንዱ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም ማብቂያ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከማረቆና ከጠምባሮ ጋር ልዩ ወረዳ ሆኖ ገባ። ልዩ ወረዳ ማለት ዞን የሌለው፣ ከክልሉ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ወረዳ ነው። በጀቱን ከዞን አይለምንም፤ ቅሬታውም በዞን በኩል አያልፍም።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። መስመር በተሰመረ ቁጥር ከመስመሩ ወዲያና ወዲህ የሚቀር ጎረቤት አለ። በወልቂጤ ዙሪያ ይኸው ጥያቄ ጎረቤታሞችን አጋጭቶ ነበር። ከሁለቱም ወገን የመጡ ወንድሞች ጀመዓችን ውስጥ አሉ፤ በአንድ ሶፍ ይሰግዳሉ። ያን ሰሞን መስጂድ በር ላይ ቆመው ቤተሰቦቻቸው ጋ ሲደውሉ አይተናል፤ ሁለቱም የሚደውሉት ወደ አንድ ከተማ ነበር። ስለዚህ ነገሩን እንደ ጨዋታ አናነሳውም፤ ማን ትክክል ነው ለማለትም አይደለም።

«ልዩ» ስለሚለው ቃል አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ፤ ብዙ ሰው ያሳስታልና። በደቡብ «ልዩ ወረዳ» ሲባል ለአንድ ብሔረሰብ የተሰጠ ነው። ኦሮሚያ በ2000 ዓ.ም በአዲስ አበባ ዙሪያ ያቋቋመው «በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን» ግን ለብሔረሰብ የተሰጠ አልነበረም፤ ልዩ ያሰኘው ለትልቅ ከተማ ጎረቤት መሆኑ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ላይ ደግሞ ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ስላለው «ልዩ ጥቅም» ይናገራል፤ ይህም ሌላ ሦስተኛ ነገር ነው። ሦስት «ልዩ»፣ ሦስት ትርጉም። አንድ ሰው «ልዩ ነው» ሲላችሁ «በየትኛው ሕግ?» ማለት ነው።

አዲስ አበባን ራሷን ብንወስድ ክልል አይደለችም። በሽግግሩ ዘመን «ክልል 14» ተብላ ነበር፤ አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች እስከ ዛሬ እንዲያ ይሏታል። በሕገ መንግሥቱ ግን ራሷን የምታስተዳድር፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ ከተማ ናት፤ ዝርዝሩን የያዘው ቻርተሯ፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995 ነው። ድሬዳዋ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ስሟ እንኳ የለም። በደርግ ጊዜ ራስ ገዝ የነበረችው ከተማ ዛሬ የቆመችው በ1996 ዓ.ም በወጣው ቻርተሯ ላይ ነው። ቻርተር አዋጅ ነው፤ አዋጅን ተራ የፓርላማ ድምፅ ይለውጠዋል። ክልልን ግን እንዲያ መለወጥ አይቻልም። የድሬ ልጆች «እኛ የማን ነን?» ብለው ሲቀልዱ ቀልዱ ሥር አለው።

በአዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ሰፈር ሳይንቀሳቀስ ወረዳው ይንቀሳቀሳል። በከተማዋ 99 ቀበሌዎች ነበሩ፤ ከዚያ ቀበሌ ቀርቶ 116 ወረዳዎች ሆኑ። አሥር የነበሩት ክፍለ ከተሞች በ2013 ዓ.ም ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ሲወጣ አሥራ አንድ ሆኑ። አያት አካባቢ የሚኖሩ እህቶቻችን አንድ ቀን የየካ ነዋሪ ሆነው ተኝተው የለሚ ኩራ ሆነው እንደነቁ ይነግሩናል። ቤታቸው ግን እዚያው ነው።

ከቀበና ሽቅብ እንጦጦን አልፋችሁ ወደ ሱሉልታ ብትወርዱ ሌላ መንግሥት ውስጥ ናችሁ። ያ ቀድሞ ከልዩ ዞኑ አንዱ ክፍል ነበረ፤ በ2015 ዓ.ም ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን ተዋሕደው ሸገር ከተማ ሲባሉ አብሮ ገባ። ሸገር የኦሮሚያ ከተማ ነው። በዚያው ዓመት በሸገር መስጂዶች ሲፈርሱና በግንቦት ወር በአንዋር መስጂድ የሰው ሕይወት ሲጠፋ የተሰማንን ሐዘን እዚህ አንደግመውም። የምናነሳው አንድ ነገር ነው፦ ያን ጊዜ ግቢያችን ውስጥ ብዙዎቻችን የፈረደውም የሚመልሰውም የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር መስሎን ነበር። ሸገር የሚለውን ስም የምናውቀው የአዲስ አበባ ቁልምጫ ሆኖ ስለሆነ ነው። አቤቱታው መድረስ ያለበት ግን ለኦሮሚያ ክልል ነበር፤ መጅሊሱም የተነጋገረው ከክልሉ ጋር ነው።

ይህ መከፋፈል የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ፔንሲልቬኒያ የሚባለው ግዛት ወረዳ የምንላቸውን አካባቢዎቹን በሕዝብ ብዛት ዘጠኝ መደብ አድርጎ መድቧቸዋል። አንደኛ መደብ ውስጥ ፊላደልፊያ ብቻዋን ናት፤ ፒትስበርግ ያለችበት አለጌኒ ሁለተኛ መደብ ነው። ሕግ አውጪው ፊላደልፊያን በስሟ ሳይጠራ «አንደኛ መደብ» ብሎ ለእሷ ብቻ የሚሆን ሕግ ያወጣል። እዚያ መለኪያው የሰው ቁጥር ነው፤ እኛ ጋ በአብዛኛው ማንነትና ቋንቋ ነው። የሰው ቁጥር እኛ ጋ ፈጽሞ አይቆጠርም ማለት ግን አይደለም። የሲቪል ተማሪዎች ይህን ልብ በሉት፦ በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ያ ሕንፃን በምድብ ሀ፣ ለ፣ ሐ ከፍሎ ያስተማረን፣ ተፈጻሚ የሚሆነው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባለባቸው ከተሞች ነበር። ከዚያ ባነሰች ከተማ ያው ፎቅ፣ ያው ብረት፣ ያው ሲሚንቶ ነው፤ አዋጁ ግን በራሱ አያገኘውም ነበር።

ለሙስሊም ተማሪ ደግሞ የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ከሁሉ ይቀርባል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል። በ1992 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሦስት ደረጃ አዋቅሮ ኒካሕን፣ ፍችን፣ ቀለብን፣ ውርስን፣ ኑዛዜን፣ ወቅፍንና ስጦታን እንዲያዩ ሥልጣን ሰጣቸው። እነዚህ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ናቸው። የክልል ሰው የሚሄደው ክልሉ በራሱ ሕግ ወዳቋቋመው ሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። የቤተሰብ ሕጉም እንዲሁ ይለያያል፤ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይሠራል፤ አማራም ኦሮሚያም የየራሳቸው አላቸው። ፈቃድ የሚለውን ቃል ደግሞ አትለፉት። በ1996 ዓ.ም ፌዴሬሽን ምክር ቤት አንዲት ሴት ሳትፈቅድ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የታየባትን የውርስ ክርክር ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ነው ብሎ ውሳኔውን ሽሮታል። ከቤተሰባችን አንዱ ሲሞት ቤቱ የካ፣ ዘመዱ ወራቤ ከሆነ፣ ከሐዘኑ ድንኳን ሳንነሳ «የት ነው የሚታየው?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ያን ቀን ከመጠየቅ ዛሬ ማወቅ ይቀላል።

ወደ ቀቤናው ወንድማችን እንመለስ። ባለፈው ሴሚስተር ለአንድ የድጋፍ ዕድል ሲያመለክት ከትውልድ ቦታው የድጋፍ ደብዳቤ እንዲያመጣ ተጠየቀ። አመጣ፤ ከልዩ ወረዳው አስተዳደር፣ ማኅተም ያረፈበት። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ አየችውና «የዞኑ ማኅተም የት አለ?» አለችው። ዞን የለንም አላት። «ዞን የሌለው ወረዳ የለም» ብላ መለሰችው። ልጁ ወልቂጤ ድረስ ሄዶ ወደ ጉራጌ ዞን ጽሕፈት ቤት ቢገባ እነሱም «እናንተ አሁን ከእኛ ሥር አይደላችሁም፤ ልናትምልህ አንችልም» አሉት። ልክ ናቸው። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሲመላለስ ከረመ፤ የትራንስፖርቱን ከጓደኞች ተበደረ። በመጨረሻ አንድ የሕግ ተማሪ ወንድማችን አብሮት ሄዶ፣ ልዩ ወረዳው ተጠሪነቱ በቀጥታ ለክልሉ መሆኑን አንድ በአንድ ካስረዳ በኋላ ደብዳቤው ተቀባይነት አገኘ። ሠራተኛዋ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ እሷም እንደኛ መሰላሉን በአንድ መልክ ብቻ ነው የሸመደደችው።

ከዚያ ወዲህ በጀመዓችን የመመዝገቢያ ቅጽ ላይ «ዞን» የሚለውን ሣጥን «ዞን / ልዩ ወረዳ / ክፍለ ከተማ» ብለን ቀይረነዋል። ሌላ ቦታ የምትሞሉት ቅጽ ግን ገና አልተቀየረም። ከቀቤና፣ ከማረቆ፣ ከጠምባሮ ወይም ከአርጎባ የመጣችሁ ያን ሣጥን ባዶ አትተዉት፤ «ልዩ ወረዳ፣ ተጠሪነቱ ለክልሉ» ብላችሁ ጻፉበት። ፋይዳ ያወጣችሁም ብትሆኑ ፋይዳ ማን እንደሆናችሁ እንጂ የየት ነዋሪ እንደሆናችሁ አይመሰክርም፤ የነዋሪነት መታወቂያ ለመቀየር ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ማምጣት አሁንም ይጠየቃል። ለእረፍት ወደ አገር ቤት የምትሄዱ መሸኛችሁን በዚያው ጨርሱ፤ ሐሙስ ወይም ዓርብ ጠዋት ከምትደርሱ ሰኞ ብትደርሱ ይሻላል።